ለእግዚአብሔር የሰጠሁት ፓፓያ

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ አንድ ምሽት ለእንሰት ሰላምታ ስትሰጥ አየኋት።

ውሃ ቀድቼ መመለሴ ነበር። ፀሐይ ገና መጥለቋ ስለሆነ ሰማዩ ቀልቷል፤ የጀሪካኑን ክዳን፣ የአጥሩን እሾህ፣ በግቢው ያለውን ሁሉ አያለሁ። ልጄ ከደጃፍ ወረደች። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ መሬቱን በእግሯ እየዳሰሰች ወደ ጓሮው ሄደች። ዳር ላይ ያለው አሮጌ እንሰት የደረቁ ቅጠሎቹ እንደ ነጠላ እስከ መሬት ወርደው ነበር። እሱ ፊት ስትደርስ ቆመች። ለትልቅ ሰው እንዳስተማርናት ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በሁለት እጇ ያዘችና ሳመችው።

«አያቴ፣ ደህና ነሽ?» አለች።

መልስ እንደምትሰማ ሰው ጥቂት ቆየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

አያቷ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ጀሪካኑን አስቀምጬ ጠራኋት። ዞረች፤ ግን እኔን አላየችም። በእኔና በአጥሩ መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ተመለከተች።

«እማዬ፣ የት ነሽ? ዛሬ ለምን ቶሎ ጨለመ?»

አልጨለመም ነበር።

የምንኖረው ከዲምቱ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አገሩ ቆላ ስለሆነ ማንጎ ወይም ፓፓያ የሌለበት ግቢ አይገኝም። ሆኖም በእኛ ዘንድ ፍራፍሬ ምግብ አይባልም። ወደ ሶዶ በሚሄድ መኪና ተጭኖ የሚሸጥ ነገር ነው። ሦስት ማንጎ የበላ ሰው «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም» ቢል ማንም አይስቅበትም። ለእንግዳ ፍራፍሬ ብቻ ማቅረብ ነውር ነው። ልጆች ከዛፍ ስር ለቅመው ሲበሉ ካየን «ሆድሽን ያምሻል፣ ተይው» እንላለን።

የእኔ ፓፓያዎች ግን ለገበያም አይወጡም ነበር። ካገባሁ በኋላ ሰባት ዓመት ልጅ አላገኘሁም። በሰባተኛው ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጅ ብትሰጠኝ፣ ልጁ ሲወለድ የምተክለው ዛፍ ፍሬ ያንተ ይሁን፤ ወደ ቤቴ አላስገባውም» ብዬ ተሳልኩ። ሰማኝ። ልጄ ተወልዳ ከአራስ ቤት እንደወጣሁ ከቤታችን በስተ ምዕራብ ሦስት ፓፓያ ተከልኩ። ቶሎ አፈሩ። ከዚያ ጀምሮ እሁድ እሁድ የበሰለውን በቅርጫት ይዤ እሄዳለሁ። ሌላው አማኝ በቆሎ፣ ዶሮ፣ ቦሎቄ ያመጣል። ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ በጨረታ ይሸጡታል።

አንድ ፍሬ እንኳ ለቤቴ አላስቀረሁም። የወደቀውን፣ ወፍ የነካውንም ሰብስቤ እወስድ ነበር። በዚህ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደስታው ውስጥ ኩራትም ነበረበት።

በዚያ በጋ በሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። ልጄንም ያዛትና ብዙ ቀን አሰቃያት። ጌታ አተረፈልኝ። ከተነሳች በኋላ የምትቀበለው ምግብ የቡላ ገንፎ ብቻ ሆነ። እየተሻላት ስትሄድ ቆጮ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ነጩን ስኳር ድንች ጀመረች። ከሞት ተርፋ ስትጠግብ በማየቴ አመሰገንኩ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋት ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ለእንሰቱ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ነገሩ የየምሽቱ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ጫጩት ስታባርር ውላ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ያለችበት ቦታ ትቀመጣለች። አትጫወትም። አታለቅስም። ዓይኖቿ እንደተከፈቱ ዝም ትላለች። ፊቷ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ፈገግ ስል ፊቷ አይለወጥም። ድምፅ ሳሰማ ትደነግጣለች። አንዳንዴ ከእኔ አልፋ ከኋላዬ ካለው ነገር ጋር ታወራለች። ዞር ስል በር ነው፤ ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የባለቤቴ ካፖርት ነው። ጠዋት ሲነጋ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ትሮጣለች።

አንዲት ጎረቤት አሉን፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ አፋቸው የማያርፍ። አንድ ምሽት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ብዙ ካዩዋት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺን ልጅ የሞቱት እየጠሯት ነው።»

«እማማ፣ እኛ አማኞች ነን» አልኩ።

«እኔስ ምንድን ነኝ? ካንቺ በፊት ነው የተጠመቅኩት። ግን ዓይን አለኝ፤ አያለሁ። አያቷ ይወዷት ነበር፤ ብቻቸውን አላስቻላቸውም። ስሟን ቀይሪው። ሲጠሯት ሌላ ሰው ትሁንባቸው።»

ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር፤ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እማማ፣ እናቴ በሕይወት እያሉ ሲጠሯት እንኳ አትሄድም ነበር። አሁን ነው የምትታዘዛቸው?»

«ሳቅ አንተ! መምህር ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ነገር አይታየውም።»

«ይኸው እኔ የማውቀው፣ ጠዋት ፊደል ስትቆጥር አንድ አትስትም። ቀን ቀን እረፍት የሚወጣ መንፈስ አላውቅም።»

ሳቅን። ልጄም ሳቀች፤ ግን ወደማንኛችንም ሳታይ ነበር። ሳቄ አፌ ላይ ቆመ።

ከዚያ ከሳምንት በኋላ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ምሽት ላይ ነው። ልጄን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ዶሮ ላስገባ ወጣሁ። ስመለስ የለችም። ጠራሁ። መልስ የለም። ከቤቱ ጀርባ የሚያወራ ድምፅ ሰማሁ፤ የእሷ ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይናገራል። ሄድኩ። መሐል ላይ ያለውን ፓፓያ በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ፓፓያ በዚያ ሰዓት ደስ አይልም፤ ቀጭን ቁመቱና አናቱ ላይ የተሰበሰቡት ፍሬዎች ብዙ ራስ ያለው ሰው ያስመስሉታል።

«አንድ ብቻ ስጪኝ። ለማንም አልናገርም» ትለዋለች።

ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ፍሬው ከላይ ወርዶ እግሯ አጠገብ ዱብ አለና ተሰነጠቀ።

ልጄ አልደነገጠችም። ተንበርክካ መሬቱን ዳሰሰች፤ አገኘችው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ከነአፈሩ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ሮጥኩ። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው። የሰጡትን መልሰው የነኩ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ስማር ኖሬአለሁ። ጣቴን አፏ ውስጥ አስገብቼ ያኘከችውን ሁሉ አወጣሁ። አፏን በውሃ አጠብኩ። «የእግዚአብሔር ነው! የእግዚአብሔር ነው!» እያልኩ ነበር። አላለቀሰችም። ለምን እንደማታለቅስ አልገባኝም። ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ ቆመች፤ ዓይኖቿ ግን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ነገር ያዩ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ዓይኗ ነጭ ላይ፣ ከብሌኑ በጎን በኩል፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር አየሁ። በጨርቅ ጠረግሁት፤ አልተነሳም። በሌላኛው ዓይኗም አለ። ቅጣቱ መጣ አልኩ። ጾም ያዝኩ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከአፏ ያወጣሁትንም ጭምር።

ከዚያ ልጃችንን ብርሃን ላይ አውጥቶ ዓይኗን አየ።

«ጸልዪ፤ አልከለክልሽም። እኔ ግን ጤና ኬላ እወስዳታለሁ» አለ።

ሦስታችንም ሄድን።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወጣት ሴት ናት። የልጄን ዓይን አየች። ከዚያ መስኮቱን ዘግታ መጋረጃ ጋረደችና ልጄን ወደ እኔ እንድትመጣ አዘዘቻት። ክፍሉ ውስጥ ወንበሩም ጠረጴዛውም ይታየኛል። ልጄ ግን ሁለት እርምጃ ሄዳ ወንበሩን መታች፤ ቆመችና እጇን ዘረጋች። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤት ውስጥ፣ ያው የምሽቱ ፊት መጣባት። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ ሄደ።

«ዳፍንት ነው» አለች ሠራተኛዋ። «ኩፍኝ ይዟት ነበር?»

«አዎ።»

«ትናንት ምን በላች?»

«ቡላ። ማታ ቆጮ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ቂጣ። ስኳር ድንች።»

«ቢጫ ነው ነጭ?»

«ነጭ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናት፣ የነገርሽኝ ሁሉ ነጭ ነው። ሆዷ ጠግቧል፤ ዓይኗ ግን ተርቧል። ዓይን በደብዛዛ ብርሃን እንዲያይ ቫይታሚን ኤ ይፈልጋል። ኩፍኙ የነበራትን ጨረሰባት፤ እናንተም አልተካችሁላትም። እንክብሉ እዚህ አልቋል፤ በዚህ ሳምንት ይመጣል ብለውኛል። ካልመጣ ሶዶ ሆስፒታል ትወስዷታላችሁ፤ አትዘግዩ። ይህ ነገር ከቆየ ዓይኑ ይቆስላል፤ ከቆሰለ ቀንም አታይም። እስከዚያው ግን ከዛሬ ጀምራችሁ መግቧት። የበሰለ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጎመን፣ እንቁላል። በምግቧ ላይ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ይኑርበት፤ አለዚያ ሰውነቷ በደንብ አይወስደውም።»

«የማንጎ ወቅት አይደለም» አለ ባለቤቴ።

«ፓፓያስ? እናንተ ሰፈር ፓፓያ ጠፋ?»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። «የተሳልሽው አንቺ ነሽ። በጉልበት አላስፈርስሽም። ግን ዛሬ ወስኚ።»

ከሌላ ሰው ግቢ ፓፓያ ልለምንላት እንደምችል አውቃለሁ። ያ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ምሽት ላይ ከዛፉ ስር አፏን ያጠብኩበት እጅ ከእግዚአብሔር ነው የታዘዘው ወይስ ከእኔ? ይህን ሳላውቅ ምንም ነገር ላጎርሳት አልቻልኩም። ስለዚህ ልጄን ይዤ ወደ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ።

ስንደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። ዳመና ስለነበረ ልጄ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር የምትሄደው። ገብተን ተቀመጥን። የሽማግሌው የልጅ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፓፓያ ይበላሉ፤ ጭማቂው እስከ ክርናቸው ወርዷል። ቅርጹን አይቼ የኔ መሆኑን አወቅሁ፤ የእሁዱ ነው። የልጆቹ ዓይኖች ጥርት ያሉ ናቸው። እዚያ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ አራት ጥንድ ዓይን ልጄን ቀጥ ብሎ ያያታል፤ እሷ ግን አንዳቸውንም አታይም። ሽታውን ብቻ አግኝታ ፊቷን ወደዚያ አዞረች።

የሽማግሌው ሚስት አንድ ቁራጭ አነሱ። «ነይ እናቴ፣ እንኪ፣ ብዪ።»

ልጄ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«የእግዚአብሔር ነው። አልበላም።»

ልጆቹ ማኘክ አቆሙ። የገዛ ድምፄን ከእሷ አፍ ሰማሁት።

ሽማግሌው ሳቁ። «እንግዲህ እኛስ የማንን ስንበላ ነው የኖርነው?»

እኔ ሳላለቅስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስእለቱን፣ ዳፍንቱን፣ ጣቴን። ሳቃቸው እየጠፋ ሄደ። ስጨርስ ወደ ልጆቹ፣ ከዚያ ወደ ልጄ ዓይን አዩ።

«ጨረታው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምወስደው እኔ ነኝ» አሉ። «ልጆቹ ስለሚወዱት። ጌታ ፓፓያ ሲበላ አላየሁም፤ የበላነው እኛ ነን።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ!» አሉ ሚስታቸው።

«እውነቱን ነው የምነግራት። ስሚኝ ልጄ፣ ስእለትሽን የምፈታበት ሥልጣን የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስትሳዪ ምን ነበር የለመንሽው?»

«ልጅ።»

«ሰጠሽ?»

«ሰጠኝ።»

«ታዲያ የሰጠሽን ነው ወይስ የሰጠሽውን ነው እየጠበቅሽ ያለሽው?»

ከሴትዮዋ እጅ ቁራጩን ተቀበልኩ። ልጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። ከንፈሯን ስነካት አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ጣቴን አውቃዋለች። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

«ብዪ» አልኳት።

«ይቆጣሻል።»

«አይቆጣም። ላንቺ ብሎ ነው ያበቀለው።»

ቀስ ብላ ከፈተች። አኘከች። ጨርሳ እጇን ዘረጋች። ሁለተኛ ሰጠኋት። ሦስተኛ።

በነጋታው በጠራራ ፀሐይ ከመሐለኛው ፓፓያ አንድ ቆርጬ ቤቴ አስገባሁ። ከተተከለ ጀምሮ ቤቴ የገባ የመጀመሪያው ነው። በቢላ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ቢጫም ቀይም ነው፤ እንደ ፍም። ዘሮቹ ጥቁርና ርጥብ ሆነው ተሰብስበው ያዩኛል መሰለኝ። ጸለይኩ። ለሦስታችን ከፈልኩ። እኔም እስከዚያ ቀን ጣዕሙን አላውቀውም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትበላለች። ጎመኑን በቅቤ፣ እንቁላሉን በዘይት አደርግላታለሁ። ባለቤቴ የቢጫ ስኳር ድንች ሐረግ ከገሱባ ገበያ አምጥቶ ጓሮ ተከለ። እንክብሉም በሳምንቱ መጣ፤ ሠራተኛዋ ጫፉን ቆርጣ አፏ ውስጥ ጨመቀችላት፤ በማግስቱ ደገመችላት፤ ቆይታም ሦስተኛ ሰጠቻት። እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ከእንግዲህ ፓፓያውን መጀመሪያ ልጄ እንደምትበላው፣ የተረፈውን እንደማመጣ ተናገርኩ። ያጉረመረሙ ነበሩ። ጎረቤቴ ከኋላ ሆነው፣ «የራሳችሁን ልጆች ነጭ ነጩን አብሏቸውና እናያለን!» አሏቸው። ስለ ሙታኑ ያሉኝን ግን እስከ ዛሬ አላነሱትም። እኔም አላነሳሁባቸውም።

የምሽቱ ነገር ወዲያው አልተወንም። ጥቂት ቀን ያው ነበረች፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ትቀመጣለች፣ ታዳምጣለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን እይዛለሁ። ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ የማየውን እነግራት ነበር። «አባትሽ እየመጣ ነው። ፍየሏ ተኝታለች። ሰማዩ ቀይ ነው።» እሷ ደግሞ የማላየውን ትነግረኝ ነበር። «በሩ ላይ ሰው አለ» ትለኛለች። በሩ ላይ ሰው የለም። አልተከራከርኳትም። እጇን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ከዚያ አረፋው መሳሳት ጀመረ። አንድ ጠዋት አንደኛው ዓይኗ ላይ አጣሁት።

በዚያ ሳምንት አንድ ምሽት ከደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። ፀሐይ ገብታለች፤ ግቢው ግራጫ ሆኗል። እንደ ልማዴ ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን ከእጄ አወጣችና ወደ ላይ ጠቆመች።

«እማዬ፣ እነዚያ ምንድን ናቸው?»

«የቶቹ?»

«እነዚያ። ብዙ ናቸው። ፓፓያው ላይ የሚዞሩት።»

አየሁ። ዛፎቹና ሰማዩ ብቻ ናቸው። ምንም ነገር የለም። ዛሬም ያው ነው አልኩ።

«ምንም የለም ልጄ።»

«አለ እንጂ! አንዱ ተንጠለጠለ። ክንፍ አለው። አሁን ሌላ መጣ። አታይም እንዴ?»

ድምፅ አልነበራቸውም። ዓይኔን አጥብቤ ብዙ ፈለግሁ። ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር ከቅጠሉ ተለይቶ በሰማዩ ላይ አለፈ። ቀጥሎ ሌላ። የሌሊት ወፎች ናቸው፤ ለበሰለው ፍሬ ነው የመጡት። በየምሽቱ ሲመጡ ኖረው ይሆናል፤ እኔ አይቻቸው አላውቅም።

«አየሻቸው?» አለችኝ።

«አየኋቸው» አልኩ።

እሷ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ጀመረች። እኔ ራሴን ደፍቼ አመሰገንኩ።